የመርፌ ገጾች

አባቴን ጣቶቹ እንደከዱት ያወቅሁት ንባቡ አለመጠን ስለቀናው ነው።

ሥራችን እንዲህ ነው። ለዓይነ ስውራን መጻሕፍት የምታዘጋጅ ትንሽ ማተሚያ ቤት አለች፤ ከጎማ መሸጫው በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ። እኔና አባቴ አንድ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት እንቀመጣለን። እኔ በቀለም የታተመውን መጽሐፍ ይዤ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነባለሁ። እሱ በብሬል የተወጋውን ወፍራም ወረቀት ዘርግቶ፣ ጉብ ጉብ ያሉትን ነጥቦች በአመልካች ጣቶቹ እየዳሰሰ ይከተለኛል። አንዲት ነጥብ ከተረፈች ወይም ከጎደለች «ቁሚ!» ይላል። የተረፈችውን በአውራ ጣቱ ጥፍር ጨፍልቆ ያጠፋታል፤ የጎደለችውን በመውጊያው ይጨምራታል። ከዚያ «ቀጥይ» ይላል። ከእነዚህ ሁለት ቃላት ሌላ በሥራ ሰዓት ብዙም አይናገርም። ከተወለደ ጀምሮ አያይም፤ ግን ከእሱ ጣት ያመለጠ ስህተት ይኖራል ብሎ የሚያስብ ሰው እዚያ ቤት ውስጥ አልነበረም።

ክረምቱ ሊገባ ሲል «ቁሚ» ቀረ። እኔ እያነበብኩ፣ እሱ እየዳሰሰ፣ ገጽ በገጽ ላይ እየተገለበጠ፣ አንድም ጊዜ አላስቆመኝም። መጀመሪያ ነጥቡን የሚወጋው ማሽን ተሻሽሎ ነው ብዬ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን የሻይ ብርጭቆ ሲይዝ አየሁት። እኔ በመሀረብ ይዤ ያመጣሁትን ብርጭቆ እሱ በባዶ መዳፉ ጨብጦ ቁጭ ብሎ ያወራል። ጣቶቹ ቀልተዋል። የስኳር በሽታ ካለበት ቆይቷል፤ ሐኪሙ «እግርዎን ይጠብቁ» ሲለው አብሬው ነበርኩ። ስለ ጣት የነገረን የለም።

አልጠየቅሁትም። እሱም አልነገረኝም። ምሳ ሰዓት ላይ ለማረፍ ሲወጣ ገጾቹን ወደ ብርሃን አዘንብዬ በዓይኔ አነባቸዋለሁ፤ ብርሃን ከጎን ሲያገኛቸው ነጥቦቹ ትንንሽ ጥላ ይጥላሉ። ያገኘሁትን አርማለሁ። ያላገኘሁት ምን ያህል እንደሆነ አላውቅም።

እንዲህ እያለን ማሽኑ ተበላሸ። መለዋወጫው ከውጭ እስኪመጣ ደግሞ ትምህርት ቤቱ አይጠብቅም። ያዘዙት ከብሉይ ኪዳን የሳኦልንና የዳዊትን ታሪክ ነው፤ ልጆቹ ሲጠብቁት ከርመዋል። ሥራ አስኪያጃችን ሲጨነቅ ክራቫቱን የሚያላላ ሰው ነው። ኮሪደር ላይ አስቆመኝና አላላው።

«በእጅ ነው የምናስወጋው፤ ሌላ መላ የለም። እጃቸው ለሚታመን ሰዎች አከፋፍያለሁ።»

«ጥሩ።»

«ለመርፌም ሰጥቻለሁ።»

ወደ ጠረጴዛችን ዞሬ አየሁ።

«አባትሽ እንዳይሰማ» አለኝ። «ገጹ ላይ ስም የለበት፤ ከየት ያውቃል?»

«አባዬ ይለያል።»

«ወረቀት ነው'ኮ እህቴ! ወረቀት አፍ የለው!»

መርፌ የአባቴ ተማሪ ነበር፤ ከተማሪም በላይ። ዘመድ የሌለው ዓይነ ስውር ልጅ ነበር፤ አባቴ ከአዳሪ ትምህርት ቤት አምጥቶ ቤታችን አሳደገው። እኔና እሱ ከአንድ ሳህን ተሻምተን፣ አንድ ብርድ ልብስ ተጓትተን ነው ያደግነው። መርፌ ያሉት የማተሚያ ቤቱ ሰዎች ናቸው፤ እሱም ቀጭን፣ ነጥቡም ስል ስለሆነ። በእጅ ሲወጋ ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ ፊደሉ ተገልብጦ ይወጋና ወረቀቱ ሲገለበጥ ይቃናል። ልጅ ሆኖ የመስመሩ መጨረሻ ይጠፋበት ነበር። አባቴ እጁን በእጁ ይዞ «የመጨረሻዋን ጫን አድርጋት፤ አንባቢው ቤቱ መድረሱን ይወቅ» ይለው ነበር። ሁለቱም እጃቸው ከባድ ነው፤ ነጥባቸው ከሰው ሁሉ ነጥብ ጎላ ይላል፤ መስመር መጨረሻ ላይ ደግሞ ይብሳል። እንዲህ አድርጎ የሚወጋ ሦስተኛ ሰው አላውቅም።

አባቴ አንዳንድ ቀን ጨለማ ይወርድበታል። ይህን የሚለው እሱ ራሱ ነው፤ «ለእኔም ጨለማ አለኝ» ይላል። ያን ጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቀመጣል፤ አይበላም፣ አይመልስም። እናቴ በሕይወት ሳለችም ደፍራው አትገባም። የሚገባው መርፌ ብቻ ነበር። አንድ መጽሐፍ ይዞ ይገባና ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ በጣቱ እየዳሰሰ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ያነብለታል። ከብዙ ጊዜ በኋላ የአባቴ ድምፅ ከውስጥ ይሰማል፤ «እዚያ ጋ ተሳሳትክ» ሲለው። እናቴ ያን ጊዜ ሻይ ትጥዳለች።

አባቴና መርፌ የተጣሉት በጭብጨባ ነው። አንድ ትልቅ መዝገበ ቃላት አልቆ ማተሚያ ቤቱ ሲደሰት፣ ጠራዧ ብርጭቆዋን ከፍ አድርጋ «አባት ገጽ ሲጨርስ፣ ልጅ መጽሐፍ ይጨርሳል!» አለች። ጠራዧን እትዬ ነው የምንላት፤ መጽሐፍ ስትሰፋም ሰው ስትተርብም እጇ ፈጣን ነው። ሰዉ ሳቀ፣ አጨበጨበ። አባቴም ሳቀ። ከዚያ ቀን ወዲያ ግን መርፌን «ልጄ» ብሎ ሲጠራው አልሰማሁም። ስህተት ሆን ብሎ ይከትብኛል አለ። ወንበሬን ይፈልጋል አለ። ሲተነፍስ እንኳ ጆሮውን ያቀና ጀመር።

አንድ ጠዋት መርፌ መደርደሪያው ጋ ቆሞ «አባባ፣ ሦስተኛው መስመር ላይ አንዲት ነጥብ የጎደለች መሰለኝ» አለ። ረጋ ብሎ ነው ያለው። አባቴ ከፊቱ ያለውን በእጅ የሚወጋበትን የብረት ሰሌዳ አንስቶ ወደ ድምፁ ወረወረ። አባቴ ድምፅ አይስትም። ሰሌዳው መርፌን ግራ ጆሮው ላይ አገኘው፤ በዚያ ጆሮ ዳግመኛ አልሰማበትም። ለሚያይ ሰው አንድ ጆሮ አንድ ጆሮ ነው። ለመርፌ ግን የመንገዱ ግማሽ ነው፤ መኪናው ከየት በኩል እንደሚመጣ የሚያውቀው በሁለቱ ነበር። በዚያው ቀን ልብሱን ይዞ ወጣ። እቤታችን ስሙ አልተነሳም፤ ብርድ ልብሱን ግን አባቴ እንዳትሰጪው ብሎ ስለከለከለኝ እስከ ዛሬ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው።

ገጾቹ ሲመጡ እትዬ ናት በካርቶን አቁማ ያመጣቻቸው፤ የብሬል ወረቀት ከተኛና ከተደራረበ ነጥቡ ይረገጣል። ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ወደ አባቴ በአገጯ እያመለከተች፣ ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ። ገና ሳላወጣቸው አወቅሁ።

ምንም ሳልል ዘረጋሁለትና ማንበብ ጀመርኩ። ያለንበት ክፍል ሳኦል ሠራዊት ይዞ ዳዊትን ለመግደል በየምድረ በዳው የሚያድንበት ነው። ሌሊቱን ዳዊት ንጉሡ ወደተኛበት ሰፈር ሾልኮ ይገባል። ጦሩ ከራስጌው ተተክሏል። አብሮት ያለው ሰው በአንድ ውጊያ ልጨርሰው ይላል፤ ዳዊት ግን እንቢ ብሎ ጦሩንና የውሃ መያዣውን ብቻ ይዞ ይወጣል። ከዚያ ሩቅ ሄዶ፣ በመካከላቸው ሰፊ ቦታ ትቶ፣ ኮረብታ ላይ ቆሞ ይጣራል።

«ቁሚ» አለ አባቴ።

ለወራት ያልሰማሁት ቃል ስለነበር ደነገጥኩ።

«ምን ተገኘ?»

«የማን ነው ይሄ?»

«በእጅ የተወጋ ነው። ከውጭ ነው የመጣው።»

«የእኔ ነው!» ፊቱ በራ። «የድሮ ሥራዬ ነው፤ ከየት አገኛችሁት? እዪ፣ እዪ፣ እንዴት እንደሚወጣ!» ጣቶቹ ሮጡ። ከእኔ ቀድሞ፣ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ፤ እየተንተባተበ፣ እየሳቀ፣ ፊደል እንደለየ ልጅ። ጠራዧ ክሯን ይዛ ቆማ ቀረች። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ገባኝ፤ ያን ሁሉ ወር ከነካው ወረቀት ሁሉ ጣቱ የሚያነብለት ይሄን ብቻ ነው። ነጥቡ ጎልቶ ስለተወጋ።

መስመሩ መጨረሻ ላይ ቆመ። ወረቀቱን አንስቶ አሸተተው።

«ወረቀቱ አዲስ ነው» አለ።

«አዎ።»

«እኔ ደግሞ ይሄን መጽሐፍ በእጄ ወግቼው አላውቅም። ሁልጊዜ ማሽኑ ነው የሚሠራው።»

ጣቶቹን ወደ ገጹ መለሰና ቀስ ብሎ ብቻውን ወረደ። ከፊቴ ባለው መጽሐፍ ላይ የት እንደደረሰ አይ ነበር። ንጉሡ ከእንቅልፉ ነቅቶ፣ ጨለማ ውስጥ ሆኖ፣ ድምፁን ሲለይ ነው። ሊገድለው የወጣውን ሰው ልጄ ብሎ ጠርቶ፣ ይህ የአንተ ድምፅ ነውን ብሎ ሲጠይቀው። አባቴ እጁን እዚያ ላይ ብዙ አቆየ።

«እጁ አልተለወጠም» አለ። ከዚያ «ቀጥይ» አለኝ።

ቀጠልኩ። ንጉሡ በደልኩ ይላል፤ ተመለስ፣ ከእንግዲህ ክፉ አላደርግብህም ይላል። ዳዊት ጦሩን የሚወስድ ሰው ይላክልኝ ይላል። ከዚያ አንዱ መንገዱን ይሄዳል፣ ሌላው ወደ ስፍራው ይመለሳል። በልጅነቴ እዚህ ጋ ስደርስ ገጽ የጎደለ ይመስለኝ ነበር። ተለያይተው፣ ተዋውቀው፣ ልጄ ተባብለው፣ እንዴት አብረው አይሄዱም?

«አልተመለሰም አይደል?» አለ አባቴ፤ መጽሐፉን በቃሉ የሚያውቅ ሰው።

«አልተመለሰም።»

«ደግ አደረገ። ይሄን ንጉሥ አላምነውም።»

እትዬ ጀርባዋን ሰጥታን መስፋት ጀመረች።

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ አባቴ ወንበሩን ሳይነጠቅ፣ በራሱ አፍ ለመርፌ እንዲሰጠው። ጣቱ እየባሰ ነው። ትንሽ ከቆየ የመርፌንም ገጽ አይለይም፤ ያን ጊዜ ምን እንደምናደርግ አላውቅም ነበር።

መርፌ የቀሩትን ገጾች ያመጣ የነበረው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ደረጃው ላይ ቆሞ ለእትዬ ያቀብላትና ይሄዳል፤ ወደ ውስጥ አይገባም። አባቴ «ሲመጣ ንገሩኝ» አለ።

«ኧረ እኔ በዚህ አፌ ያደረግሁት ይበቃኛል» አለች እትዬ። «ደግሞ አስታራቂ ልሁን? ምላሴን ልትቆርጡልኝ ነው?» ይህን ብላ ግን ከሰዓቱን ሙሉ በር በሩን ስትሰማ ዋለች፤ የበትሩ ድምፅ ሲመጣም የጠራችን እሷ ናት።

አባቴ የደረጃውን ብረት ይዞ ከላይ ቆመ። መርፌ ከታች ካለው ማረፊያ ደርሶ ነበር፤ ካርቶን በብብቱ ይዟል። ከስቷል። ጠጉሩን በግራ በኩል አሳድጎ ጆሮውን ሸፍኖታል።

«መርፌ፣ አባዬ አብሮኝ ነው» አልኩት።

ቆመ። ቀኝ ጆሮውን ወደ ላይ አዞረ።

«ምን ይዟል?»

«ምንም አልያዘም።»

«እንዲያው ለጠቅላላ ዕውቀት ነው» አለ። እትዬ ከኋላዬ ሳቋ አመለጣትና አፏን ያዘች።

«ልጄ» አለ አባቴ። «አንተ ነህ?»

ከታች የጎማ ቤቱ አየር መሙያ ይተነፍሳል።

«እኔ ነኝ መምህር።»

«ድምፅህ ወፈረ።»

«አደግኩ መሰለኝ።»

«ና ውጣ።»

«እዚሁ ይሻለኛል። ደረጃው ድምፅ ያወጣል፤ ይሰማኛል።»

«ጆሮህስ?»

«አንደኛው ይሠራል።»

አባቴ ብረቱን እየዳበሰ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም፤ እናቴ ስትሞት እንኳ። የሰው ፊት ሲያለቅስ ምን እንደሚመስል ዓይቶ ስለማያውቅ አይሸፍነውም፤ አፉን ከፍቶ፣ ፊቱን ቀና አድርጎ ነው ያለቀሰው።

«በደልኩህ» አለ። «አንተ ከእኔ የተሻልክ ሰው ነህ። ገጽህን ዳሰስኩት፤ የእኔ መሰለኝ። ይገባሃል? የእኔ እጅ መሰለኝ! ተመለስ። ወንበሩ ያንተ ነው። ሁለተኛ አልነካህም።»

የምፈልገውን ቃል ብሎታል።

«መምህር፣ አንድ ነገር ልንገርዎት» አለ መርፌ፤ ካርቶኑን ወደ ሌላኛው ብብቱ እያዛወረ። «በክረምቱ የወጣውን የጤና መጽሐፍ ሥራ አስኪያጁ ቤቴ ድረስ አምጥቶ እስቲ እየው ብሎኝ ነበር። ጥርጣሬ ገብቶት ነው።»

«እሺ።»

«ስህተት ነበረው።»

«ብዙ?»

«ብዙ። የመድኃኒቱ መጠን ላይ ሳይቀር።»

«ምን አልከው?»

«ምንም የለበትም አልኩት። ከዚያ ከትምህርት ቤቱ እየተዋስኩ ያገኘሁትን ቅጂ ሁሉ አረምኩ። ይሄን የምነግርዎት እንዲያመሰግኑኝ አይደለም። ልጎዳዎት ብፈልግ ያን ጊዜ እችል እንደነበር እንዲያውቁ ነው። ወንበርዎን ፈልጌው አላውቅም።»

የአባቴ እጆች ጉልበቱ ላይ ቀጥ አሉ። እንባው ገና አገጩ ላይ ነበር፤ ፊቱ ግን ሲዘጋ አየሁት። ተኝቶ ሳለ አንድ ሰው ከራስጌው ቆሞ እንደነበር የተነገረው ሰው ፊት ነው። የዳነ ሰው ደስ ይለዋል ብዬ አስብ ነበር።

«ስለ ጣቴ ታውቃለህ ማለት ነው» አለ። «ሚጡ ነገረችህ?» ሚጡ የሚለው እኔን ነው።

«ማንም አልነገረኝም። መጽሐፉን አነበብኩት።»

ከዚያ አባቴ ያልጠበቅሁትን ነገር ጠየቀ።

«ማልልኝ። እኔ ከወንበሩ ስወርድ ስሜን ከመጽሐፎቹ ላይ እንዳታነሳ። መጨረሻው ገጽ ላይ መርማሪው እገሌ ተብሎ ተወግቷል። እሱን እንዳትጨፈልቀው።»

«እምላለሁ።» ከዚያ ድምፁ እንደ ልጅነቱ ቀጥኖ፣ «እምላለሁ አባባ» አለ።

«ውጣ እንግዲህ።»

«አይ» አለ መርፌ፤ ለስለስ አድርጎ። «ደህና ይዋሉ።»

ካርቶኑን ደረጃው ላይ አስቀመጠ። ገጾቹ ቀጥ ብለው መቆማቸውን በእጁ አረጋገጠ። ከዚያ በግራው ግድግዳውን ታክኮ፣ የሚሰማውን ጆሮ ወደ ባዶው በኩል አድርጎ፣ ወረደ።

አውቶቡስ ውስጥ አባቴ እስከ ቤታችን ድረስ ስለ እሱ አወራ። ልጅ ሆኖ ሳሙና አይብ መስሎት እንደነከሰ፤ መብረቅ ሲፈራ በአባቴ ጫማ ውስጥ እግሩን ከትቶ እንደሚተኛ። ጎናችን ያሉት ሴትዮ «ልጅዎ ነው?» አሉት። «አዎ፣ ትልቁ» አላቸው። አምኜው ተኛሁ።

ጠዋት ከእኔ ቀድሞ ለብሶ ጠበቀኝ። ማተሚያ ቤት ስንደርስ ወደ ጠረጴዛችን አልሄደም፤ ክንዴን ይዞ ቀጥታ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ አስገባኝ።

«የዚያ ልጅ ገጾች አይሆኑም» አለ፣ ሳይቀመጥ።

«እንዴት?» ሥራ አስኪያጁ ብድግ አለ።

«ነጥቡ ከልክ በላይ ነው። ወረቀቱን ይበሳል፤ የሕፃናት ጣት ይጎዳል። እኔ አላልፈውም። ለሌላ ሰው ይሰጥና እንደገና ይወጋ። እሱም እዚህ ደረጃ ላይ እንዳይታይ። ሾልኮ እየገባ የሰው ሥራ የሚመረምር ሰው ነው።»

«አባዬ» አልኩ።

«አንቺ ዝም በይ!»

ሥራ አስኪያጁ እኔን አየኝ። ክራቫቱ ላይ እጁን አሳረፈ።

«አብራችሁ ነው የምትመረምሩት» አለኝ። «እውነት ነው? ገጾቹ አይሆኑም?»

አዎ ብል መርፌ ለሁልጊዜው ወጣ፤ መጽሐፉም ምንም በማይሰማው ጣት እያለፈ ወደ ልጆቹ ይሄዳል፤ እንደ ጤናው መጽሐፍ። አይ ብል ደግሞ አባቴ ክንዴን እንደያዘ ነው። ጨብጦኛል፤ ምን ያህል እንደጨበጠኝ እንኳ አያውቅም ነበር፤ በኋላ ሳየው በልዞ ነበር።

«ገጾቹ ደህና ናቸው» አልኩ። ጮክ ብዬ ደገምኩት። «ገጾቹ ደህና ናቸው። አባዬ ማንበብ የሚችለው እነሱን ብቻ ነው። ሌላው አይሰማውም።»

ይጮኻል ብዬ ነበር። ክንዴን ለቀቀኝና የጠረጴዛውን ጠርዝ ፈለገ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ከክረምቱ በፊት።»

«ከኋላዬ እየተነሳሽ ታርሚ ነበር?»

«ምሳ ሰዓት ላይ።»

«እሱም አንቺም» አለ። «ሁለታችሁም አዘናችሁልኝ።» ሁለታችሁም ዘረፋችሁኝ የሚል ሰው እንዴት እንደሚል፣ እንደዚያ ነው ያለው።

በዚያው ሳምንት ከሥራ ወጣ። መርፌ ወንበሩ ሲሰጠው ብዙ አሰበ፤ በኋላ መጣ። የጠየቀው ወንበሩ እንዲዞርለት ብቻ ነው፤ የሚሰማው ጆሮ ወደ በሩ እንዲሆን። አሁን ከእኔ ፊት ለፊት እሱ ነው የሚቀመጠው። እሱ ሲያስቆመኝ «አንዴ» ነው የሚለው። የአባቴን ስም የያዙትን መጽሐፎች አንድ በአንድ እያወጣ ያርማል፤ መጨረሻውን ገጽ አይነካም።

አባቴ እቤት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውላል። የሚያነብለት የለም። እኔ አንድ ቀን መጽሐፍ ይዤ ገብቼ ነበር፤ «ድምፅሽ አያስተኛኝም» ብሎ መለሰኝ። ማታ ስገባ ግን ጫማዬን ሳላወልቅ ይጠይቀኛል።

«ያ ሌባ መጣ?»

«መጣ።»

«ስንት ገጽ ጨረሰ?»

እነግረዋለሁ።

«ይዋሻል» ይላል።

ጠዋት ጠዋት ምሳዬን የሚቋጥረው እሱ ነው፤ ከሥራ ከወጣ ወዲህ የያዘው ልማድ ነው። ዳቦውን በቢላ ሲቆርጥ ጣቱን እንዳይቆርጥ ቆሜ አያለሁ፤ አልናገርም። ምሳ ዕቃው ውስጥ የሁለት ሰው ምግብ ይገባል። «ተርፎ ነው» ይላል። «ለማንም ስጪው፤ ከእኔ ነው እንዳትዪ።»

ምሳ ሰዓት ላይ ከፍቼ ወደ መርፌ በኩል እገፋለታለሁ። ዳቦውን ይዳስሳል፤ እንዴት እንደተቆረጠ በጣቱ ዙሪያውን ይሄድበታል፤ ብዙ ጊዜ ይቆያል። ከዚያ መልሶ ይገፋዋል።

«ለእትዬ ስጪልኝ።»

እትዬ ትበላዋለች። «የማይታረቁ ሰዎች አወፈሩኝ» ትላለች፤ አሁን ግን ስትቀልድ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው።

ማታ አባቴ ምሳ ዕቃውን ከእጄ ተቀብሎ ጆሮው ሥር ያናውጠዋል። ጣቱ ስለማይነግረው ነው።

«ባዶ ነው» ይላል።

«አዎ» እላለሁ፤ «ባዶ ነው።»